ሸኽየን ያደናቀፋቸው ምን ነበር?



አላህ (ሱ.ወ.) ለሰው ልጅ ከዋላቸው ጸጋዎች አንዱ ድምፅ ነው። አዛን ከሰው ጉሮሮ ወጥቶ ሰውን ወደ ሶላት ይጠራል። ቁርኣን ከሸኹ አፍ ወደ ደረሳው ጆሮ ይተላለፋል። እናት ልጇን የምታባብለው፣ አባት ልጁን የሚመርቀው በድምፅ ነው። ቀለምና ወረቀት ቃሉን ያቆዩ ይሆናል እንጂ የአነባበቡን ልክ፣ የዜማውን መውጣትና መውረድ አያቆዩም። ተጅዊድ ከመጽሐፍ ብቻ የማይገኘውም ለዚህ ነው። ደረሳው ሸኹ ፊት ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ ፊደል ከየትኛው የአፍ ክፍል እንደሚወጣ ሰምቶና አሰምቶ፣ ታርሞና ደግሞ ይማረዋል።

በአገራችን የመንዙማውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። የወሎ ሸኾች፣ እነ ሸኽ ጠልሃ ጃዕፈር፣ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል በዐጀም እየጻፉ ብዙ ግጥም ትተውልናል። ግጥሙ ኪታብ ውስጥ አለ። ዜማው ግን ያለው በአረጋውያን ጉሮሮ ውስጥ ነው። ሰውየው ሲያልፍ አብሮት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ኪታቡን ገልጠን ብናየው ቃሉን እናነባለን እንጂ እንዴት ይባል እንደነበር የሚነግረን አናገኝም።

ቀደም ሲል ይህን ጉድለት የሚሞላው ቴፕና ካሴት ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት ስልክ አለ፤ በአንዳንዱም ኮምፒዩተር አለ። ወጣቶቻችን በየጀመዓቸው ተሰባስበው ነሺዳና መንዙማ ሲቀዱ፣ ለሕፃናት የቁርኣን ትምህርት ሲያዘጋጁ ማየት የሚያስደስት ነው። ሆኖም ኮምፒዩተር የራሱ ጠባይ ያለው መሣሪያ ነው። ጠባዩን ያላወቀ ሰው የመሣሪያውን ጥፋት በሰው ላይ ሊያላክክ ይችላል። በዚህ ወር ልናነሣ የፈለግነውም ይህንኑ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስቀድም። ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የሚነሣውን የፊቅህ ጥያቄ ለዑለማዎቻችን ትተነዋል። እዚህ የምንናገረው ስለ ሰው ድምፅና በሐድራ ስለሚታወቀው ድቤ ነው። ስለ ቀረጻው ዘዴ የምንለው ግን ቁርኣን ለሚቀዳም፣ ደዕዋ ለሚቀዳም፣ የትምህርት ቤት ንባብ ለሚያዘጋጅም እኩል የሚሠራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው

ባለፈው ዓመት የመድረሳችን ወጣቶች አንድ ሐሳብ አመጡ። በሰፈራችን ሰባውን የተሻገሩ፣ በልጅነታቸው ወሎ ውስጥ ከሸኻቸው ሥር ሆነው ሐድራ ላይ ያደጉ አንድ አባት አሉ። ሁላችንም ሸኽየ እንላቸዋለን። ከሸኻቸው የወሰዷቸውን አራት መንዙማዎች በዜማቸው የሚያውቅ ሰው ከእርሳቸው ሌላ በአካባቢያችን የለም። ወጣቶቹ እነዚህን አራቱን ቀድተው ለመድረሳው ልጆች ማስተማሪያ ሊያደርጓቸው ፈለጉ። ሄደን ስንጠይቃቸው፣ «ለልጆቹ ከሆነ እሺ፤ ለገበያ ከሆነ ግን አፉ በሉኝ» አሉ። ለልጆቹ ብቻ እንደሚሆን ቃል ተገባላቸው።

መቅጃው ከመድረሳው ክፍሎች አንዱ ነበር። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተደረበ። አንድ ላፕቶፕ፣ በዩኤስቢ ገመድ የሚሰካ አንድ ማይክራፎንና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ተዘጋጁ። ድቤው አስቀድሞ ለብቻው ተቀድቷል። ሸኽየ ድቤውን በማዳመጫው እየሰሙ በላዩ ላይ ይላሉ፤ የራሳቸውም ድምፅ በኮምፒዩተሩ በኩል ዞሮ በዚያው ማዳመጫ ይደርሳቸዋል። ዕቅዱ ይህ ነበር።

ሸኽየ ውዱእ አድርገው፣ ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፃቸው ይጎተት ጀመር። ሦስተኛው ላይ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ደገሙ። አራተኛው ላይ ጨርሰው ቆሙ። እንደገና ተጀመረ፤ ያው ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ተሞከረ፤ የባሰ ሆነ። ሸኽየ ማዳመጫውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና፣ «ልጆቼ፣ ድምፄ ከድቶኛል። የሰጠኝ ጌታ ቢወስደው አልሐምዱ ሊላህ። እናንተም አትልፉ» አሉ።

ክፍሉ ዝም አለ። ከወጣቶቹ አንዱ ቀስ ብሎ፣ «ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረጋል» አለ። ሌላው ዜማው ይቅርና ግጥሙን ብቻ እንጻፈው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ነገሩ በዚሁ ሊያበቃ ነበር። አንድ አባት ስድሳ ዓመት በጉሮሯቸው ይዘው የኖሩትን አደራ በገዛ አንደበታቸው «አበቃ» ብለው ፈርደውበት ሊነሡ ነበር።

በዚህ ጊዜ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች፣ ከማታ ደረሶቻችን አንዷ፣ እንዲህ አለች፦ «ሸኽየ፣ ቅድም ሻይ ሲጠጡ ይህንኑ ያንጎራጉሩ ነበር፤ አንድም ቦታ አልሳቱም። ያኔ ማዳመጫ አላደረጉም።» ከዚያም ማዳመጫውን ከጭናቸው ላይ አስፈቅዳ አነሣችና ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከአንድ እስከ ሃያ መቁጠር ጀመረች። ሰባት ላይ ስትደርስ ምላሷ ተሳሰረ፤ «ስምንት፣ ስም… ስምንት» እያለች ቆመች። ማዳመጫውን አውልቃ፣ «እኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እኔንስ ዕድሜ ነው ያስቆመኝ?» አለች። ሸኽየ ከልባቸው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ተመልሰው ተቀመጡ።

ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅ

ለመሆኑ ልጅቱንም ሸኽየንም ያስቆማቸው ምን ነበር? ሰው ሲናገር የራሱን ድምፅ እየሰማ አንደበቱን ያርማል። ያ ድምፅ ዘግይቶ ከመጣበት አእምሮው ግራ ይጋባል፤ አንደበቱ ይንተባተባል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ቃል ይደገማል፣ ሳያውቀውም ይጮኻል። ይህን ነገር በርናርድ ሊ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950 ዓ.ም. በጽሑፍ አሳውቋል። መዘግየቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያውከው ከአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲሆን ነው። አንድ ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። ጤነኛና ጎልማሳ ሰው እንኳ በዚህ ልክ የዘገየ ድምፁን እየሰማ አንድ ገጽ አጥርቶ ማንበብ ይቸግረዋል።

ወጣቶቹ መዘግየቱን ሊለኩት ወሰኑ። ዘዴው ቀላል ነው። ማዳመጫውን ማይክራፎኑ ላይ ለጥፎ፣ አንድ አጭር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከኮምፒዩተሩ ማጫወትና በዚያው ጊዜ መቅዳት ነው። በወጣው ድምፅና ተመልሶ በተቀዳው መካከል ያለው ርቀት በፕሮግራሙ መስኮት ላይ ይታያል። የእኛው 190 ሚሊ ሰከንድ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ቁጥር በሌላ መልክ እንየው። ድምፅ በአየር ውስጥ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን፣ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ አንድ ሚሊ ሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ግድም ማለት ነው። 190 ሚሊ ሰከንድ ደግሞ 65 ሜትር ይሆናል። ሸኽየ የገዛ ድምፃቸውን ይሰሙት የነበረው 65 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው አብሯቸው የሚል ያህል ሆኖ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ የማይደናቀፍ ማን ነው?

ጣሳና እንስራ

ኮምፒዩተር ድምፅን የሚይዘው ቆራርጦ፣ በቁጥር ነው። በሲዲ ልክ ከሆነ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 44,100 ጊዜ ይለካዋል። ለቪዲዮ የሚሠራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 48,000 ይሆናል። እያንዳንዷን ልኬት ናሙና እንበላት። ኮምፒዩተሩ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ አያስተናግድም። በአንድ ቋት አጠራቅሞ ቋቱ ሲሞላ በአንድነት ያነሣቸዋል። ይህን ቋት ባለሙያዎች ባፈር ይሉታል።

ነገሩን በምሳሌ እናቅርበው። አንድ ልጅ ምንጭ ወርዶ ለውዱእ ውሃ ያመላልሳል እንበል። በጣሳ ካመላለሰ የመጀመሪያው ውሃ ቶሎ ይደርሳል፤ ነገር ግን ልጁ ያለ ዕረፍት መሮጥ አለበት። መንገድ ላይ አንድ ሰው አስቁሞ ሰላም ካለው ወይም እግሩን እንቅፋት ከመታው ውሃው ይቋረጣል፤ ውዱእ አድራጊውም እጁን ዘርግቶ ይቀራል። በእንስራ ካመላለሰ ግን ውሃው አይቋረጥም፤ ልጁም ያርፋል። ችግሩ እንስራው እስኪሞላ ድረስ የመጀመሪያው ውሃ መዘግየቱ ነው።

ትንሽ ባፈር ጣሳ ነው፤ ትልቅ ባፈር እንስራ ነው። ኮምፒዩተሩም እንደዚያ ልጅ መንገድ ላይ የሚያስቆመው ብዙ ነው። ኔትወርክ ይጠራዋል፣ ጸረ ቫይረሱ ይጠራዋል፣ ሌላ የተከፈተ ፕሮግራም ይጠራዋል። ጣሳው ትንሽ ሆኖ በሰዓቱ ካልደረሰ ድምፁ ይቆረጣል፤ በጆሯችንም «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ይሰማል።

ልኩን ማስላት ለማንም አይከብድም። የባፈሩን ቁጥር በሰከንዱ የናሙና ቁጥር ማካፈል ነው። በ44,100 ስናሰላው፣ ባፈሩ 64 ቢሆን 1.5 ሚሊ ሰከንድ ያህል፣ 128 ቢሆን 2.9፣ 256 ቢሆን 5.8፣ 512 ቢሆን 11.6፣ 1024 ቢሆን 23.2፣ 2048 ቢሆን 46.4 ይመጣል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ድምፁ ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ሲወጣ ሌላ ጊዜ በቋት ማለፉ ነው። ስለዚህ ዘማሪው የሚሰማው መዘግየት ቢያንስ የዚህ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ድምፁን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ክፍል የራሱን ጥቂት ይጨምራል።

የሸኽየ ቀረጻ ባፈሩ ኮምፒዩተሩ እንደ መጣ 2048 ላይ ነበር። ይህ ደርሶ መልስ 93 ሚሊ ሰከንድ ነው። የቀረው ከየት መጣ? ድምፁ በዊንዶውስ የተለመደው መንገድ እየዞረ ስለነበረ ነው። ያ መንገድ የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ ሰብስቦ የሚያስተናግድ በመሆኑ የራሱን ወረፋ ይጨምራል። ይህን ወረፋ ዘልሎ ፕሮግራሙን ከድምፅ መሣሪያው ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ፣ አሲዮ የሚባል መንገድ አለ። የጀርመኑ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ያወጣው ነው። የድምፅ መሣሪያው የራሱ አሲዮ ድራይቨር ከሌለው አሲዮ ፎር ኦል የተባለ ነጻ ፕሮግራም ይተካዋል። በአፕል ኮምፒዩተሮች ኮር ኦዲዮ፣ በሊኑክስ ደግሞ ጃክ የተባሉት ይህን ሥራ ይሠራሉ።

ሸኽየ ሲመለሱ

ወጣቶቹ መንገዱን ወደ አሲዮ ቀየሩ፤ ባፈሩን 128 አደረጉት። ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ «ቀጭ፣ ቀጭ» ማለት ጀመረ። ወደ 256 ከፍ ሲያደርጉት ጠራ። ሲለካም 190 የነበረው ወደ 20 ሚሊ ሰከንድ ወርዷል። ይህም በርቀት ሲቆጠር ወደ ሰባት ሜትር ግድም ነው። በተጨማሪም ሸኽየ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሯቸው ገለጥ እንዲያደርጉት ተነገራቸው። በተሸፈነው ጆሮ ድቤውን፣ በተገለጠው የገዛ ድምፃቸውን እንደ ወትሯቸው ይሰሙ ጀመር።

«ሸኽየ፣ አሁን ይሞክሩት» ተባሉ። ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። የመጀመሪያውን መንዙማ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ስንኝ ሳይስቱ፣ 11 ደቂቃ አሉት። ሲጨርሱ ማንም አልተናገረም። ቀድሞ «ዕድሜ ነው» ያለው ወጣት ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። እርሳቸውም፣ «አብሽር ልጄ፤ እኔም በራሴ ላይ ፈርጄ ነበር» አሉት።

የተሻለ መሣሪያ ላለው ከዚህም የሚበልጥ መፍትሔ አለ። አንዳንድ የድምፅ መሣሪያዎች የማይክራፎኑን ድምፅ ወደ ኮምፒዩተሩ ሳያዞሩ በቀጥታ ወደ ማዳመጫው የሚልክ ማብሪያ አላቸው። እሱ ከተከፈተ የዘማሪው ጆሮ ከባፈሩ ነጻ ይወጣል። ያን ጊዜ በፕሮግራሙ በኩል ዞሮ የሚመጣውን ድምፅ መዝጋት ያስፈልጋል። አለበለዚያ ሁለት ድምፅ ተደራርቦ ይሰማል።

ሲቀዳ ጣሳ፣ ሲደባለቅ እንስራ

አራቱም መንዙማዎች ተቀድተው አለቁ። ቀጥሎ የተቀባዮቹ ድምፅ፣ ጭብጨባው፣ ድቤውና የሸኽየ ድምፅ የሚደባለቁበት ሥራ መጣ። በአንድ መንዙማ 14 መስመር ሆነ። በየመስመሩ ድምፅ ማስተካከያ፣ ከፍና ዝቅ የሚለውን የሚገራ፣ የክፍል ስፋት የሚሰጥ ፕለጊን ተጨመረ። ይህ ሁሉ ለኮምፒዩተሩ ሸክም ነው። ባፈሩ አሁንም 256 ላይ ስለነበረ «ቀጭ፣ ቀጭ» ያለው ድምፅ ተመልሶ መጣ።

ከወጣቶቹ አንዱ ተደናግጦ፣ «ቀረጻው ተበላሽቷል፤ ሸኽየን እንደገና እንጥራቸው» አለ። ሌሎቹ ተቃወሙ፤ ጥቂትም ተነታረኩ። ያችው ተማሪ የሸኽየን መስመር ለብቻው ከፍታ፣ ፕለጊኖቹን ዘግታ አጫወተችው። ጥርት ያለ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ድምፁ የተቆረጠው ሲቀዳ ከሆነ ቁራጩ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል፤ በቀላሉ አይጠገንም። የተቆረጠው ሲደመጥ ብቻ ከሆነ ግን ፋይሉ ደኅና ነው፤ የደከመው አጫዋቹ ነው። እንዲህ ሲሆን ባፈሩን ማስፋት ይበቃል። ወደ 1024 ከፍ ተደረገ፤ ጫጫታው ጠፋ። በማደባለቅ ጊዜ ማንም ማይክራፎን ላይ ስለማይቆም፣ ድምፁ 23 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ የሚጎዳው ሰው የለም።

ብዙ ወጣቶች ባፈሩ ሲሰፋ የድምፁ ጥራት ይጨምራል፣ ሲጠብ ይቀንሳል ብለው ያስባሉ። እንደዚያ አይደለም። የቋት ልክ የውሃውን ጣዕም አይለውጥም። ድምፁ ሳይቆረጥ እስካለፈ ድረስ በ64ም በ2048ም ያው ነው። ሥራው አልቆ ወደ መጨረሻው ፋይል ሲገለበጥማ ኮምፒዩተሩ ከሰዓት ጋር አይሽቀዳደምም፤ በፈለገው ፍጥነት አስልቶ ይጽፋል።

በዚህ መሀል አንድ ሌላ ነገር ተነሣ። ባፈሩ ሲሰፋ ለፕለጊን ቦታ ተገኘና ከወጣቶቹ ሁለቱ የሸኽየን ድምፅ «ሊያሳምሩት» ጀመሩ። ትንፋሻቸውን ቆረጡ፣ ትልቅ አዳራሽ የሚያስመስል ማሚቶ ጨመሩ። ሸኽየ መጥተው ሲያዳምጡ ፈገግ ብለው፣ «ይኼ እኔ ነኝ ወይስ ዋሻው?» አሉ። ማሚቶው ወጣ፤ ትንፋሹም ተመለሰ። እውነትም መንዙማ ውስጥ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ ማወቅ ራሱ ትምህርት ነው። ልጆቹ ያንን ካልሰሙ ዜማውን ሙሉ አድርገው አይወስዱትም። ከዚያ ወዲህ ያልተነካው ዋናው ቅጂ ለብቻው በሁለት ቦታ እንዲቀመጥ ተወሰነ። አደራ ማለት እንዲህ ነው፤ የተቀበሉትን እንደ ተቀበሉት ማቆየት።

ለሚቀዱ ወጣቶች

ከዚህ ሥራ የተገኘውን በአጭሩ እናስቀምጠው፦

1ኛ) ሰው ማይክራፎን ላይ ሳለ ባፈሩን በተቻለ መጠን አጥብቡት። ከ128 ወይም ከ256 ጀምሩ። ድምፁ ከተቆረጠ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ።

2ኛ) ከባድ ፕለጊኖችን በቀረጻ ጊዜ ዝጉ፤ ለማደባለቅ ጊዜ አቆዩአቸው።

3ኛ) ስታደባልቁ ባፈሩን ወደ 1024 ወይም 2048 አስፉት። አንድ ድምፅ ቀርቶ እንደገና መቅዳት ካስፈለገ መልሳችሁ ማጥበብ አትርሱ።

4ኛ) ለቀረጻ ገመድ ያለው ማዳመጫ ተጠቀሙ። ብዙዎቹ የብሉቱዝ ማዳመጫዎች ብቻቸውን ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ያዘገያሉ፤ ባፈሩን ምንም ብታጠቡት ይህን አትመልሱትም።

5ኛ) ኔትወርኩን አጥፉ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችን ዝጉ። ላፕቶፕ ኃይል ለመቆጠብ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳልና ቆጣቢውን አሠራር አጥፉት፤ መብራት ካለ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ሥሩ። መብራት ሊሄድ ይችላልና በየደቂቃው ሴቭ አድርጉ።

6ኛ) በተቀዳ ድቤ ላይ ሌላ ድምፅ ስትጨምሩ ፕሮግራሙ መዘግየቱን በግምት ያካክሳል። ግምቱ ልክ ካልሆነ ድምፁ ከድቤው ወደ ኋላ ይቀራል። ከላይ እንደ ተባለው «ቀጭ» አድርጋችሁ ለኩና ትክክለኛውን ቁጥር አስገቡ።

7ኛ) ከሁሉ በፊት የባለ ድምፁን ፈቃድ ጠይቁ፤ ለምን እንደምትቀዱትም ንገሩት። ከፈቀደው በላይ አትሂዱ።

ከመቅጃ ክፍል ውጭ

በሱረቱል ኢስራእ መጨረሻ አካባቢ በሶላት ውስጥ ድምፅን ከመጠን በላይ ከፍ ከማድረግም ከመጠን በላይ ዝቅ ከማድረግም ተቆጥቦ የመካከሉን መንገድ መፈለግ ተመልክቷል። ልክን የማወቅ አደብ በሌላውም ሥራችን ሊታይ ይገባል። መካከለኛ መሆን ግን ሁልጊዜ የመሀሉን ቁጥር መያዝ አይደለም። በጣሳ ጊዜ ጣሳ፣ በእንስራ ጊዜ እንስራ ማንሣት ነው። ሰው ፊታችን ቆሞ መልስ ሲጠብቅ ቶሎ መድረስ፣ ብቻችንን ሆነን ስንመዝንና ስንፈርድ ደግሞ መዘግየት ይገባናል። ብዙዎቻችን የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ለፍርድ እንቸኩላለን፤ ለመልስ እንዘገያለን።

ይህ የመዘግየት ነገር በየቤታችን አለ። ጅዳ ወይም ዱባይ ለሥራ የሄደች ልጅ በኢንተርኔት ስትደውል እናት «አሎ» ትላለች፤ መልስ ይዘገያል። እናት ደግማ ትናገራለች፤ በዚያው ቅጽበት የልጅቱ መልስ ይደርስና ሁለቱ ድምፆች ይጋጫሉ። ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ እንደገና ሁለቱም ይጀምራሉ። ስልኩ ሲዘጋ እናት፣ «ልጄ ተለውጣለች፤ ቃሌን ታቋርጠኛለች» ትላለች። ልጅም በበኩሏ፣ «እማ አታዳምጠኝም» ብላ ታዝናለች። ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም። ስልኩም ድምፁ እንዳይቆራረጥ የራሱ ቋት አለው፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለመልካም ጭውውት ድምፅ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ከዚያ ሲያልፍ ሰዎች መነጋገር ሳይሆን መተጓጎል ይጀምራሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ጥቂት ዝም ብሎ መጠበቅ፣ ሐሳብን በአንድ ጊዜ ጨርሶ መናገር ነው።

ውድ ወጣቶች! በየሰፈራችሁ አንድ ሸኽየ አይጠፉም። መንዙማ የሚያውቁ፣ የሸኾችን ታሪክ የሚያወሩ፣ የቆየ ዱዓ በቃላቸው የያዙ አባቶችና እናቶች አሉ። ስልኩም ኮምፒዩተሩም በእጃችሁ ነው፤ ዕውቀቱንም ከተማሩት ጠይቃችሁ ታገኙታላችሁ። ሄዳችሁ አስፈቅዷቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ቅዱ። እየቀዳችሁ ሳለ አንደበታቸው ቢያዝ «አርጅተዋል» ከማለታችሁ በፊት ማዳመጫውን በራሳችሁ ጆሮ ላይ አድርጉና እስከ ሃያ ቁጠሩ።

የአራቱ መንዙማዎች ቅጂ ዛሬ በመድረሳችን የልጆች መማሪያ ሆኗል። የመጀመሪያውን የሚያውቁ ልጆች 30 ደርሰዋል። ትንፋሽ የሚወስዱትም ሸኽየ በሚወስዱበት ቦታ ነው። አላህ የእርሳቸውን ዕድሜ ያርዝምልን፤ የአረጋውያኖቻችንን አደራ ሳይጎድል ለልጆቻችን የምናስተላልፍ ያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።